ጆሮውን የነካ ዕለት

ቶላ ዋቅጅራ ትምህርት ቤት የገባው በማጭበርበር ነው። አጭበርባሪዋ ደግሞ የሰባት ዓመቷ ፋናዬ ነበረች።

ያን ጊዜ አሰላ ውስጥ ልጅ ሲመዘገብ የልደት ወረቀት አምጣ የሚለው አልነበረም፤ ወረቀት ያለው ልጅ ከየት ተገኝቶ? ልጁ ቀኝ እጅህን በአናትህ ላይ አዙረህ ግራ ጆሮህን ንካ ይባላል። ከነካ ደርሷል፤ ካልነካ ከርሞ ና ተብሎ ወደ እናቱ ይመለሳል። ፋናዬ መድረሷን አውቃለች። ቶላ ግን ገና አምስት ዓመቱ ነው፤ እሷ ደግሞ ያለ እሱ ወዴትም መሄድ አትፈልግም። ቤታቸው በአንድ አጥር ነው የሚለየው፤ ያንንም አጥር ራሳቸው ሾልከው ሾልከው በር አድርገውታል።

ስለዚህ ያን ክረምት ሙሉ አጥሩ ሥር አስቀምጣ አሠለጠነችው። "አንገትህን ወደ ቀኝ ዘንበል፣ ትከሻህን ከፍ፣ አሁን ሳብ አድርገው።" ልጁ ደግሞ እጀ ረጅም ነው። በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ መስከረም ላይ፣ መዝጋቢው መምህር ጋሽ ካሣዬ ፊት ሲቆም ጆሮውን መንካት አይደለም፣ ጨብጦ ያዘው። ጋሽ ካሣዬም "ይሄማ ስምንት ሞልቶታል" ብለው ስምንት ብለው ጻፉ። አጭር እጇን እንደ ምንም ያደረሰችው ፋናዬ ሰባት ተባለች። በሁለት ዓመት የምትበልጠው ልጅ በመዝገብ ታናሹ ሆና አረፈችው። ይህን ሲያስታውሱ ሆዳቸውን ይዘው ነበር የሚስቁት፤ ቢስቁስ ምን ይፈረድባቸዋል፣ ልጆች ናቸው።

ከሰፈራቸው በላይ፣ ወደ ጭላሎ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ስንዴ ማሳው ጫፍ ላይ አንድ የዛገ ኮምባይነር፣ ያ ትልቁ የስንዴ ማጨጃ መኪና፣ ቆሞ ነበር። መሬት ሲወረስ ባለቤቱ ጥሎት ጠፋ። ጎማውን አንዱ፣ ሞተሩን ሌላው ፈትቶ ወሰደ፤ ቀሪውን የሚሸከም ስላልተገኘ እዚያው ቀረ። ጀርባው ላይ የታጨደው እህል የሚጠራቀምበት ትልቅ የብረት ታንክ አለው። በመሰላል ተወጥቶ፣ ክዳኑ ተነስቶ ነው የሚገባበት። ፋናዬና ቶላ ይህን ታንክ አገር አደረጉት፤ ስሙንም ማዶ አሉት።

ማዶ ንጉሥ የላትም፣ ሊቀ መንበርም የላትም። ከጭላሎ የሚወርደው ጉም የጠላት ጦር ነው፤ ክዳኑን ዘግተው እስኪያልፍ ይጠብቁታል። ከፊት ያለው የማጨጃው ጥርስ የታሰረ ዘንዶ ነው፤ ቶላ በየቀኑ ከቆሎው ቆንጥሮ ያበላዋል። ሕጓ ሁለት ብቻ ነበር። አንደኛው፣ ወደ ማዶ የሚገባ ሁሉ እጁን በአናቱ ላይ አዙሮ ጆሮውን ይነካል፤ ሰላምታቸውም ይኸው ነው። ሁለተኛው፣ ማዶ ውስጥ አይዋሽም። ውጭ እንደ ልብ መዋሸት ይቻላል፤ ታንኩ ውስጥ የዋሸን ግን ዘንዶው ይበላዋል።

በየዓመቱ እንቁጣጣሽ ሲሆን የታንኩን ግድግዳ ተደግፈው ይቆሙና ቁመታቸውን በሚስማር ይጭሩበታል። ከጭረቱ አጠገብ ስማቸውን፣ ዕድሜያቸውን፣ ዓመተ ምሕረቱን ይጽፋሉ። "ቶላ 7፣ ፋናዬ 9፣ 1972።" የትምህርት ቤቱ መዝገብ እዚያ አይሠራም፤ ማዶ ነዋ። የቶላ አናት ክዳኑን የነካ ዓመት ላይ መጫሩን ተዉት። አገሪቱም ቀስ እያለች ተረሳች።

በሰማንያ ዓመተ ምሕረት፣ ሰኔ ማለቂያው ላይ፣ ለብሔራዊ ውትድርና አሥራ ስምንት የሞላቸው ወጣቶች ስም እንዲላክ ቀበሌው ታዘዘ። የቀበሌው ጸሐፊ የፋናዬ አባት አቶ ይርሳው ነበሩ፤ የእጅ ጽሑፋቸው ውብ ነው፣ በእሱም ይኮራሉ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ቁጭ ብለው ከትምህርት ቤቱ መዝገብ ሲገለብጡ ፋናዬ በትከሻቸው በኩል አየች። ቶላ ዋቅጅራ፣ 18።

"አባዬ፣ ቶላ እኮ አሥራ አምስቱ ነው።"

"መዝገቡ አሥራ ስምንት ነው የሚለው።"

"መዝገቡ ውሸት ነው። አንገትህን አዘንብል ብዬ ያሳየሁት እኔ ነኝ።"

አቶ ይርሳው ብዕራቸውን አላነሱም። "ልጄ፣ መንግሥት በመዝገብ እንጂ በአፍ አይሠራም። የክርስትና ወረቀት ካለው ያምጣና እፍቀዋለሁ።"

ቶላ የክርስትና ወረቀት እንደሌለው እሳቸውም ያውቃሉ። ቤተሰቡ ጴንጤ ነው፤ እነሱ ዘንድ ሕፃን ክርስትና አይነሳም። አባቱ ዋቅጅራ ጸሎት ቤታቸው የታሸገ ሰሞን ታስሮ፣ እስር ቤት ሳል ይዞት፣ አስከሬኑ ነው ወደ ቤት የተመለሰው። ለቶላ የቀረችው እናቱ በቀለች ብቻ ናት።

ፋናዬ በአጥሩ ቀዳዳ ሾለከች። ሳይመሽ ቶላ ኮምባይነሩ ላይ ወጥቶ፣ ክዳኑን ከፍቶ፣ ማዶ ገባ። ከመግባቱ በፊት እጁን በአናቱ አዙሮ ጆሮውን ነካ። ፋናዬ ሳቀች፤ ወዲያውም ክዳኑን ዘጋችበት።

ድሮ ሁለቱም ተንጋለው የሚውሉባት አገር አሁን ለአንድ ሰው ጠበበች። ቶላ ጉልበቱን አገጩ ላይ ካላደረገ መቀመጥ አይችልም። መቆም የለም፣ እግር መዘርጋት የለም። የአርሲ ክረምት ደግሞ ይታወቃል፤ ዝናቡ ሌት ተቀን ብረቱን ይደበድበዋል፣ በብሎኑ ቀዳዳ ሁሉ ይንጠባጠባል። ቀን ብቅ እንዳይል መንገዱ ቅርብ ነው፣ የቀበሌ ጠባቂዎችም ይመላለሳሉ። ፋናዬ በየቀኑ ለላሟ ሣር ላጭድ ብላ ማጭድና ጆንያ ይዛ ትወጣለች። ጆንያው ውስጥ እትዬ በቀለች ያዘጋጀችው ጭኮ አለ። የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅቤ ታሽቶ እንዲህ ላለ ጊዜ የሚሆን ስንቅ ነው፤ ሳይበላሽ ይሰነብታል፣ ጥቂቱም ያጠግባል።

ክዳኑን ገርበብ አድርጋ ዜና ትነግረዋለች። "የጉሙ ጦር ኢተያ ድረስ አፈግፍጓል።"

"ዘንዶውስ?"

"ርቦታል። ቆሎ ረስተህበታል።"

በስድስተኛው ቀን ጠባቂዎች በቀለችን ወሰዷት። ልጅሽ እስኪመጣ እዚህ ትቆያለሽ ተባለች፤ የቀበሌው እስር ቤት የድሮ እህል መጋዘን ነው፣ ወለሉ እርጥብ ነው። ፋናዬ ይህን የሰማችው ከአባቷ ነው፤ ምሳ ላይ፣ ዐይናቸውን ከትሪው ሳያነሱ ነገሯት።

"ታስላለች እኮ፣ አባዬ።"

"ልጁ ይምጣ፤ በመጣበት ቀን ትፈታለች" አሉ። ያለበትን ታውቂያለሽ ወይ ብለው ግን አልጠየቋትም። ከጠየቁ እሷ ትዋሻለች፤ ከዋሸች እሳቸው ያውቃሉ፤ ካወቁ ደግሞ ጸሐፊ ናቸው። አባትና ልጅ ይህን ሳይነጋገሩ ተግባብተው ምሳቸውን ጨረሱ።

ከዚያ ወዲያ ፋናዬም ታሰረች ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ በር ያልተዘጋባት መሆኑ ነው። ለቶላ ብትነግረው ይወጣል። አንድ ደቂቃም አይቆይም፤ አባቱን ያጣበትን ነገር ያውቀዋላ። ባትነግረው እናቱ እርጥብ ወለል ላይ ታድራለች። በሰባተኛው ቀን ሌላ ነገር ደግሞ ታያት። ጭኮውን ስታቀብለው እጇ የታንኩን ግድግዳ ነካ፤ ጣቷ ዝገቱ ላይ ጭረት አገኘ። ቶላ 7፣ ቶላ 8፣ ቶላ 9፣ ከነዓመተ ምሕረቱ። የቶላ ዕድሜ በዚህ ዓለም ላይ በትክክል የተጻፈው እዚህ ብቻ ነው። ላሳይ ብትል ደግሞ ቶላ ያለው እሱ ላይ ተደግፎ ነው። ክዳኑን መልሳ ወደ ሣሯ ሄደች።

በቀለች ያዘጋጀችው ስንቅ ሲያልቅ ፋናዬ ገብሱን ራሷ ቆላች፣ ራሷ አስፈጨች፣ በቤታቸው ቅቤ አሸችው። በአሥራ አንደኛው ቀን ይዛለት ወጣች። ዝናቡ ፋታ ሰጥቶ ነበርና እሷም ታንኩ ውስጥ ወርዳ ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመው ተቀመጡ። ቶላ ከስቷል፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። አንዴ ጎረሰ። ማላመጡን አቆመ።

"ይሄን ማን ነው የሠራው?"

"እናትህ ናታ።"

"አዮ?" እናቱን አዮ ነው የሚላት። "ኮረሪማ አለው እኮ።"

"እና ቢኖረውስ?"

"አባቴ ኮረሪማ አይወድም ነበር። ከሞተም ወዲህ አዮ ኮረሪማ ቤት አስገብታ አታውቅም።" ቁራሹን መዳፉ ላይ አስቀምጦ አየው፤ ከዚያ እሷን አየ። "ፋናዬ፣ ማዶ ውስጥ ነን።"

ውጭ ቢሆን ኖሮ ዐይኗን በጨው አጥባ ትዋሸው ነበር። ሁሉንም ነገረችው፤ መጋዘኑን፣ እርጥቡን ወለል፣ አምስት ቀን ሙሉ ዝም ማለቷን።

ቶላ አልተቆጣም። ጭኮውን እጇ ላይ መልሶ ክዳኑን ገፋ። ፋናዬ እግሩን ይዛ ተንጠለጠለች።

"እኔ ነኝ አንገትህን ያዘነበልኩት። እኔ ነኝ እዚህ ያደረስኩህ። አትሂድ፣ በሞቴ።"

"አንቺ ባታዘነብይኝ ብቻዬን አጥር ሥር ልቀር ነበር" አላት። ቀጥሎ ድሮ እንደሚያደርገው አሾፈባት። "ደግሞ እኔ ባልኖር አንደኛ ክፍልን ማን ያሳልፍሽ ነበር?"

እግሩ ደንዝዞ መሰላሉን በቂጡ እየተንሸራተተ ወረደ። ከዚያም በቀን፣ በመንገዱ መሃል፣ ወደ ቀበሌው ሄደ። ፋናዬ ማጭዷን እንደያዘች ከኋላው ተከተለች።

አዳራሹ ውስጥ ሊቀ መንበሩ፣ ሁለት ጠባቂዎችና አቶ ይርሳው ነበሩ። ፋናዬ ማንም ሳይጠይቃት ተናገረች፤ አሥራ አምስቱ ነው፣ ጆሮውን ያስነካሁት እኔ ነኝ፣ ስምንት የተባለው በአምስት ዓመቱ ነው። ሊቀ መንበሩ ጋሽ ካሣዬን ከነመዝገባቸው አስጠራ። ጋሽ ካሣዬ አርጅተዋል፤ ጡረታቸው ሊወጣ ሁለት ወር ቀርቷቸዋል። ቶላን አዩት፣ መዝገቡን አዩት፣ ፋናዬን ግን አላዩዋትም።

"የእኔ የእጅ ጽሑፍ ነው" አሉና መዝገቡን ከደኑት።

"እስቲ ጆሮህን ንካ" አለ ሊቀ መንበሩ ለቶላ። ቶላ ነካ። "ይኸው ደርሷል" ሲል ጠባቂዎቹ ሳቁ። አቶ ይርሳው ከስሙ ፊት ምልክት አደረጉ። ቶላን በአንዱ በር ሲያስገቡት በቀለችን በሌላው አወጧት፤ መሃል ላይ ተገናኝተው ጉንጩን ዳሰሰችው፣ ከዚያ በላይ አልተፈቀደላትም።

ፋናዬ አባቷን በክንዳቸው ይዛ ሽቅብ ጎተተቻቸው። "ይምጡ፤ ወረቀት ብለው አልነበር? ይምጡና ያንብቡ።" ምን ነካሽ እያሉ፣ ጉልበታቸውን እያሻሹ ኮምባይነሩ ላይ ወጡ። መነጽራቸውን አድርገው ታንኩ ውስጥ አጎነበሱ። አነበቡ። በጣታቸው እየተከተሉ ከታች ወደ ላይ፣ ቶላ 6፣ ቶላ 7፣ ከዓመት ዓመት አነበቡ። በዝገት የተሞላ የሕፃን ጽሑፍ ነው፤ ማንም ትናንት ጻፈው ሊል አይችልም።

"ይሄን ለምን ቀድመሽ አላሳየሽኝም?"

"እሱ እዚሁ ነበራ፣ አባዬ። ጽሑፉን ሳሳይዎት እሱንም ያገኙታል።"

"እኔ..." አሉ አቶ ይርሳው፤ አልጨረሱትም። ልጃቸው እንደፈራቻቸው፣ ልክም እንደነበረች ገባቸው። ታንኩ ውስጥ፣ ቶላ የተቀመጠበት ላይ ቁጭ ብለው፣ ጉልበታቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው፣ በዚያ ውብ ጽሑፋቸው ሁሉንም ወረቀት ላይ ገለበጡት። ይዘውት ወደ ቀበሌ ሮጡ፤ ያን የሚያህል ሰው ሲሮጥ ሰፈሩ አይቶ አያውቅም። ሊቀ መንበሩ ግን ዝርዝሩ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተደርጎበት ወደ አውራጃ ሄዷል አላቸው። ደግሞ የዛገ ብረት ምስክር ሆኖ ያውቃል ወይ ብሎ ጠየቃቸው።

ቶላ ወደ ሰሜን ሄደ። ሁለት ደብዳቤ መጣ። ሦስተኛው የእሱ ጽሑፍ አልነበረም፣ የጦር ክፍሉ ማኅተም ያለበት ነው፤ በቀለች ማንበብ ስለማትችል ያነበበችላት ፋናዬ ናት። አቶ ይርሳው ጸሐፊነቱን ተዉ። የገለበጡት ወረቀት ግን እስኪሞቱ ኪሳቸው ውስጥ ነበር።

ፋናዬ ስለ ቶላ ሲጠይቋት የምታወራው ስለ ደብዳቤው አይደለም፤ ወታደራዊው መኪና ስለተነሳበት ጠዋት ነው። ልጆቹ ታጭቀው ቆመዋል፤ እናቶች ከታች ይላቀሳሉ፣ ከላይ መቶ እጅ ይወዛወዛል። እሷ ሕዝቡ መሃል ተጨምቃ ክንዷን እንኳ ማንሳት አቅቷታል። ቶላን ፊቱን ሳይሆን እጁን ነው ያየችው። ሁሉም ሲያወዛውዝ አንዱ እጅ ብቻ በአናት ላይ ዞሮ ግራ ጆሮውን ያዘ። አንገቱን አላዘነበለም። ቀጥ ብሎ ቆሞ ነው የነካው።