ለድንጋጤው የተሰጠች መለኪያ

ዘለል ዘለል እያለ ስለሚራመድ ፌንጣ የሚሉት መስታወት ቆራጭ፣ የሆስፒታል ኮሪደር ላይ ተቀምጦ ነበር። እሱስ ከተላጠ ክርኑ በቀር ምንም አልሆነም። የተሰበረችው ታናሽ እህቱ ናት። ከሥራ ሲወጣ ከትምህርት ቤቷ አንስቷት፣ የኤሌክትሪክ ስኩተሩ ላይ ከኋላው አቁሟት ሲመጣ ውሻ ገባበት። እሱ ሣር ላይ ወደቀ፤ እሷ ግን የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ። ሐኪሙ «ጉልበቷ ዛሬውኑ ብረት ካልገባለት እግሯ እንደ እግር አይሆንም» ብሏል። የብረቱን ወጪ የሚከፍለው የስኩተሩ መድን ነው። ፌንጣማ እንኳን ስኩተሩን፣ ራሱን ቢሸጥ አይሞላለትም!

ሆስፒታል ድረስ የመጣችው የመድኑ ሠራተኛ ትሑት ሴት ናት። መንገዱን፣ ውሻውን፣ ፍጥነቱን ስትጠይቀው ቆየችና፣ «ከመንዳትህ በፊት ጠጥተህ ነበር?» አለችው።

«እኔ? ኧረ ምን በወጣኝ!»

«አትቀየመኝ፣ ደንብ ሆኖብኝ ነው። የነዳው ሰው አንዲት መለኪያም ብትሆን ከቀመሰ፣ መድኑ ለሱም ሆነ ከኋላው ለነበረው አይከፍልም።»

ፌንጣ ይህን ሲሰማ ዓይኑ በፋሻ የታሰረ አውራ ጣቱ ላይ አረፈ። ክው አለ።

እነሱ ሱቅ ሰው በመስታወት ሲቆረጥ፣ አለቃው ቁስሉን ከማሰራቸው በፊት አንድ መለኪያ ኮኛክ ያስጨልጡታል። «ለድንጋጤው» ነው የሚሉት። ጠርሙሱ ከፋሻውና ከአዮዲኑ ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ መጠጥ ብሎ የሚጠራው የለም። ፌንጣ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ተቆርጦ፣ ጨልጦ ነው የወጣው። አልረሳውም እኮ፤ መጠጥ መሆኑ ግን እስካሁን ትዝ ብሎት አያውቅም።

የጣለን ውሻው ነው ወይስ ኮኛኩ? ፍሬኑን ዘግይቼ ይሆን የያዝኩት? ብሎ አሰበ። መልሱን አለማወቁ ደግሞ የባሰ አስፈራው።

«ጣትህስ?» አለች ሴትዮዋ።

«ሥራ ላይ ነው… መስታወት» አለ።

«አለቃህን ጠርቻቸዋለሁ። ስንት ሰዓት እንደወጣህ ብቻ ነው የምጠይቃቸው።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል አይደል የሚባለው! ሠራተኞቹ ሁሉ «አባባ» የሚሏቸው ሽማግሌው አለቃ የሥራ ሽርጣቸውን እንኳ ሳይፈቱ እያለከለኩ ደረሱ። ፌንጣ በሴትዮዋ ትከሻ አሻግሮ ጠቀሳቸው፤ ራሱን ነቀነቀ፤ ከንፈሩን ነከሰ። እሳቸው ግን ምልክቱ አልገባቸውም። ልጁ ፊቱ አመድ መስሎ ሲያዩት፣ በሳቸው ሱቅ በመቆረጡ የተከሰሱ መሰላቸው።

«አባቴ፣ የወጣበትን ሰዓት ነው የምፈልገው፤ ጣቱ ሲቆረጥ እርስዎ እዚያው ነበሩ?» አለች ሴትዮዋ።

አባባ ቱግ አሉ። «ነበርኩ ወይ? ምን ማለትሽ ነው ልጄ? ሠራተኛዬ እየደማ ዝም ብዬ የምሸኝ ሰው እመስልሻለሁ? ራሴ አጠብኩት፣ ራሴ አሰርኩለት! ኮኛኩንም በዚህ እጄ ነው ያጠጣሁት። እንዲያውም ሲንቀጠቀጥ ባየው አንጀቴ አልችል ብሎ ደገምኩለት! ይኸው ቁጭ ብሏል፣ ጠይቂው!»

ፌንጣ ቀና ማለት አቃተው። ሁለተኛዋን መለኪያ ከራሱም ደብቋት ነበር።

ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን ቀስ ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «በጣም ይቅርታ» አለች፤ ከልቧ ነበር።

አባባ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አዩ። «ምነው? ምን አጠፋሁ?» አሉ።

በዚህ መሃል አንዲት ነርስ እህቱ ያለችበትን ክፍል በር ከፈተች። ከውስጥ፣ ከተሽከርካሪው አልጋ ላይ፣ የልጅቷ ድምፅ መጣ።

«ወንድም ጋሼ! መድኖቹ እሺ አሉ? አሁን ኦፕራሲዮን ልግባ?»

«መጣሁ እቴ» አለ ፌንጣ። ከወንበሩ ግን አልተነሣም።