የአባባ ሽጉጥ ጎርሳለች

ባዶ ናት፣ ወላሂ እህቴ ባዶ ናት፣ ብሏታል ኑሩ ትናንት፣ ደብረ ታቦር ገበያ ዳር ከብረት መቀጥቀጫው ደጃፍ ተቀምጦ ሽቦውን በአፈሙዟ ሰድዶ እስከ ጥግ ሲደርስለት፣ የወጣው የሸረሪት ድር ብቻ፣ ያቺው ባዶ ሽጉጥ አሁን በጨርቅ ተጠቅልላ ፍሬሕይወት ጭን ላይ ናት፣ በመንደራቸው በገሳይ ሽማግሌዎቹ ለዕርቅ ተቀምጠዋል፣ ታላቅ ወንድሟ ዋልልኝ አጠገቧ፣ ፊት ለፊታቸው ደሳለኝ ድንጋይ ተሸክሞ ተንበርክኳል፣ የታናሽ ወንድማቸውን የሙላቴን ደም ያፈሰሰው ደሳለኝ። እጁን አትዪው። ድንጋዩን እዪ።

ምን አቅበዘበዘኝ፣ ዝም ብዬ ባመጣት ምን ነበረበት፣ ትፈነዳለች ብላ ፈርታ እኮ ነው፣ አሮጌ ባሩድ አይታመንም፣ ለመሐላው ሲሻገሯት ብትተኩስስ ብላ፣ ከኩዌት ከተመለሰች ወዲህ የማትፈራው ነገር የለም፣ ማንም ሳያውቅ የጎረሰችውን ጥይት አስተፍታ ልትመልሳት። ኑሩ ምኑን ያስተፋታል። መዳፍ የማትሞላ የጥንት ዕቃ፣ ባሩድ ሸቷትም የምታውቅ አትመስል፣ አላት። ለማንም እንዳትነግርብኝ። እኔ ምን አውቃለሁ፣ ዝገት ነው የጠረግሁ።

አባባ፣ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ፣ አትንኳት ጎርሳለች እያሉ ትራሳቸው ሥር አኑረዋት ኖሩ፣ ድንበር ላይ ጠብ ሲነሳ እጃቸው ወደ ጋቢያቸው ገባ ካለ በቃ፣ ዱላ ያነሳው ሁሉ ዱላውን ይደገፈዋል፣ አንድም ቀን ሳትተኩስ መንደሩን ቀጥ ያደረገችው የሸረሪት ቤት ኖራለች። ያውቁ ነበር? ያውቁ ነበር እንጂ። ሳቋ ይመጣል፣ በጥርሷ ትይዘዋለች፣ ዕንባዋ ግን አልያዝ ይላታል።

በመሐላው ሽጉጧ መሬት ትቀመጣለች፣ የሚሻገራት ሰው ቃሌን ባፈርስ በውስጧ ያለው እኔን ያግኘኝ ይላል። ምን አላት በውስጧ። ዋልልኝ በክላሽማ አልምልም ብሏል፣ ክላሽ የማንም ነው፣ ዛሬ ምዬ ነገ እተኩሰዋለሁ፣ የአባባን ካመጣችሁ እሺ፣ እሷን አልደፍራትም። ልንገረው? ብነግረው ተነስቶ ይሄዳል፣ ደሳለኝን ይገድላል፣ የደሳለኝ ወንድሞች ደግሞ እሱን፣ እኔ ለማን ልቀር። ባልነግረውስ፣ በእግዜር ፊት ሰውን በባዶ ማስማል ምን ይባላል። ዝም በይ አንቺ። ዝም።

አምጫት ልጄ፣ ይላሉ አያ ማሬ፣ ሽምግልናውን የሚመሩት። ጨርቁን ስትፈታ ዋልልኝ ቀድሞ ይቀበላታል፣ በመዳፉ ከፍ ዝቅ ያደርጋታል፣ ጠመንጃ ሲፈታና ሲገጥም ያደገ እጅ ነው፣ የጎረሰና ያልጎረሰ ብረት ይለያል፣ ቀና ብሎ ያያታል። አወቀ። አለቀልን። ዓይኗን መሬት ላይ ትተክላለች፣ ጫማው ሲወልቅ ትሰማለች። ጎንበስ ብሎ ያስቀምጣታል፣ አፈሙዟን ወደ ራሱ አዙሮ። እግሩን ያነሳል፣ ይህችን ለምታህል ብረት ይህን ያህል ከፍ፣ አጥር እንደሚሻገር ሰው፣ በውስጧ ያለው እኔን ያግኘኝ፣ ድምፁ እዚያ ላይ ይሰበራል። ደሳለኝም ይሻገራል። ድንጋዩ ከትከሻው ይወርዳል። ሙላቴ አይመለስም፣ ይህንንም ሁሉም ያውቃል።

ወደ ቤት መልሻት፣ ይላታል ዋልልኝ፣ ሽጉጧን በሁለት እጁ እያቀበላት፣ ፍሬ፣ አደራ፣ አፈሙዟን ወደ ሰው እንዳታዞሪ። እሺ ወንድምዓለም። አውቆ ነው? ወይስ አባባ ያስፈራሩት ዛሬም አልለቀቀውም? አትጠይቂ። ባዶ ናት፣ ባዶ ናት፣ እያለች ዳገቱን ትወጣለች፣ ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ብቅ ሲሉ ግን መንገድ ትለቃለች፣ አፈሙዟን ወደ መሬት ታዞራለች፣ ጣቷንም ከቃታው ታርቃለች።