አናስ ያቆመው መርፌ

«ልቡ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? በሃያ ዘጠኝ ዓመቱ!»

ሳሎን የተቀመጡት ሴቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ። መስዑዳ ወጥ ቤት ቆማ ለቀስተኛው ያመጣውን ምግብ እየገለበጠች ትሰማቸዋለች። ወንድሟ አናስ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ዩለስ ከተማ ያለችው አፓርታማቸው ከኤርፖርት የሥራ ሺፍታቸው በቀጥታ በመጡ ሰዎች ተሞልታለች። «ልቡ ነው» ብለው ለሰው የነገሩት አባቷ ዐብዱሰመድ ናቸው። እሳቸው የሚያውቁት ይህንኑ ነው።

መስዑዳ ግን በቀብሩ ዕለት ለአንዲት ጎረቤት ብቻ፣ «በየወሩ ክሊኒክ የሚወጋው መርፌ ነው የገደለብኝ» ብላ ሹክ ብላለች።

አንዲት የማታውቃት ወጣት ወደ ወጥ ቤቱ ብቅ አለች።

«እግዜር ያጽናሽ። ሔለን እባላለሁ። ከአናስ ጋር አንድ ክሊኒክ እንታከም ነበር።»

መስዑዳ ክንዷን ይዛ ወደ መኝታ ቤት አስገባቻትና በሩን ዘጋችው።

«ልጁን ክሊኒካችሁ ገደለብኝ እኮ! መርፌው ሰውነቱ ውስጥ እያለ የመንገድ ክኒን ደረበበት!»

ሔለን ክው አለች። «የምን መርፌ? ካቆመ እኮ አራት ወሩ ነው።»

«ምን?»

«ስንት ጊዜ ኮል አደረግኩለት። ‹እህቴ ድነሃል፣ በቃህ ብላኛለች› አለኝ። ሰውነቱ እንደ ድሮው ክኒኑን መቻል ትቷል፤ ለዚያ ነው አንዲት ክኒን...» ንግግሯን አቋረጠች። «እህቱ... አንቺ ነሽ?»

መስዑዳ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

አናስ ቀደም ሲል ኤርፖርት ሻንጣ ሲጭን ነበር ወገቡን የተጎዳው። ሐኪም ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ክኒን አዘዘለት። ማዘዙ ሲቆም ከመንገድ መግዛት ጀመረ። አንድ ቀን ሻወር ቤት ከንፈሩ ጠቁሮ ያገኘችው እሷ ናት፤ ዘጠኝ አንድ አንድ ደውላ አምቡላንስ ደረሰለትና ተረፈ። ከዚያ በኋላ የክኒኑን አምሮት የሚያስታግሰውን፣ በየወሩ የሚወጋውን መርፌ ጀመረ። ወፈረ፤ ሥራ ገባ፤ አባቱን ጁምዓ ማድረስ የእሱ ተራ ሆነ።

በረመዳን ዋዜማ አምፖል ሊቀይር ሲንጠራራ መስዑዳ ሆዱ ላይ እብጠት አየች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መድኃኒቱ ነው፤ ቆዳ ሥር ሆኖ ቀስ እያለ ይሟሟል።»

«ለምን ቤት ወስደህ ራስህ አትወጋውም?»

«አይሰጡም። ደም ሥር ከገባ አደገኛ ነው። ነርሷ ናት ቆዳ ሥር የምትወጋኝ፤ እንደዚያ ሲሆን ችግር የለውም።»

እሷ «አደገኛ» የምትለዋን ቃል ብቻ ሰማች። «ከሱስ ወደ ሱስ ነው እኮ ይሄ! አሁን ድነሃል። ተወው፣ አናሴ።»

«ሐኪሟ አትቸኩል ብላኛለች።»

«እኔስ? እኔ ምን አልኩህ?»

«እሺ» አላት። ለይምሰል ያላት እንጂ በእርግጥ የሚያቆም አልመሰላትም ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች መስዑዳ ለሔለን። «አቁም ያልኩት እኔ ነኝ።»

ሔለን «አንቺ አይደለሽም» አላለቻትም። አጠገቧ ተቀመጠች። «ነገ እኔም መርፌ የምወጋበት ቀኔ ነበር፤ ካንስል አደረግኩት» አለች። «እናቴ የሆነ ቦታ ‹አናስን መርፌ ነው የገደለው› ሲሉ ሰምታ እንድተወው አልቅሳ ለመነችኝ።»

መስዑዳ ቀና ብላ አየቻት። ለአንዲት ሴት በጆሮ የተነገረ ቃል ሦስት ቀን እንኳ ሳይሞላው የሰው ቤት ገብቷል። ተነሥታ ወደ ሳሎን ወጣች።

«አባዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። አናስ በልብ አልሞተም። የክኒን ሱስ ነበረበት። መርፌው ነበር ያቆየልን፤ እኔ ነኝ ያስተውኩት። መርፌ ገደለው የምትሉትም ከኔ አፍ የወጣ ነው፤ ውሸት ነው።»

ዐብዱሰመድ ልጃቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያያት ሰው ትክ ብለው አዩአት። «ሻወር ቤት... ሆዱን አሞት ነው ያልሽኝ ጊዜ?» አሉ። ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። አዛውንቱ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ።

ሔለን ቀጠሮዋን መልሳ አስያዘች፤ በማግስቱ ጠዋት አርሊንግተን ያለው ክሊኒክ ስሟ ተጠራ። መስዑዳ አብራት ገባች። ነርሷ የሔለንን ሆድ በአልኮል ጠርጋ መርፌውን አነሣች። የሔለን ሸሚዝ ደጋግሞ ይወርዳል። መስዑዳ ጎንበስ ብላ የሸሚዙን ጫፍ ያዘችላት፤ መርፌው ገብቶ እስኪወጣም ዓይኗን አላነሣችም።