የአዶንጎ ቦታ

በአኬዮ ቤት ከአፒዮ በስተግራ ደፍሮ የሚቀመጥ ሰው የለም። ቦታው የአዶንጎ ነው። መንትዮቹ ሰባተኛው ወር ሳይገባ ተወለዱ፤ አፒዮ ኪሱሙ ሆስፒታል የመስታወት ሣጥን ውስጥ ከርማ ተረፈች፣ አዶንጎ ግን ሳምንት ሳይሞላት ሞተች።

አፒዮ መቀመጥ ስትለምድ ፊቷን ወደ ግራ እያዞረች ባዶ ቦታ የማየት አመል አመጣች። የአኬዮ አማት ኛር አሌጎ ነገሩን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም።

«እህቷን ነው የምታየው። መንትያ ብቻውን አይቀመጥም። ያንን ጎን እንዳትይዙባት!»

ከዚያ ወዲህ በስተግራዋ ትንሽ በርጩማ ይቀመጣል፤ ከሐይቁ ዓሣም ቁራሽ ይደረግበታል። አኬዮ መጀመሪያ ፈራች፣ በኋላ ግን ወደደችው። አንዷን ቀብሮ ሁለት ማሳደግን የትኛዋ እናት ትጠላለች? ሆስፒታሉ ልጅቷን እየመለሰች እንድታሳይ ነግሯት ነበር። ልጅቷ ወፈረች፣ ሮጠች፣ አፏን ፈታች፤ ከዚህ ወዲያ ምን ጤና አለ ብላ ቀጠሮውን ተወችው።

አፒዮ ትምህርት ቤት እንደገባች ከበሩ መቃን ጋር መጋጨት አበዛች። አስተማሪዋ አኬዮን ጨቀጨቀቻት፤ አኬዮም ልጅቷን ሆስፒታል ወሰደቻት። ሐኪሟ የልጅቷን ቀኝ ዓይን በመዳፏ ከደነችው።

«ማማ፣ መብራት ጠፋ» አለች አፒዮ።

ጠራራ ፀሐይ ነበር።

«ግራ ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል» አለች ሐኪሟ። «እንዲህ ቀድመው የሚወለዱ ልጆች ዓይናቸው ሳይበስል ነው የሚመጡት፤ መዘዙ ዓመታት ቆይቶም ይመጣል። አንገቷን የምታዞረው ቀኙ ዓይኗ እንዲደርስላት ነው። አሁን እሱም መታመም ጀምሯል፤ ቶሎ ቀዶ ጥገና ካልተደረገለት ይጠፋል። ለመሆኑ በግራዋ ስትቀመጪ አይታሽ ታውቃለች?»

«እኛ እዚያ አንቀመጥም» አለች አኬዮ። የገዛ ድምፅዋ ቀፈፋት።

ማታ ኛር አሌጎ እሪ አሉ። «ዓይኗን ከነኩት እህቷ ትሄዳለች! አንቺ ልጅ፣ ሁለተኛ ልትቀብሪያት ነው?»

«ትሂድ፣ እማማ! ያለችኝ ትይልኝ! ነገ እወስዳታለሁ።»

አማቷ ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ወጡ። አኬዮ በርጩማውን አንስታ ግድግዳው ሥር አደረገችና በልጅቷ ግራ መሬት ላይ ተቀመጠች። በዚያ ጎን ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነው፤ ብርድ ብርድ አላት። የልጅቷን እጅ ያዘች።

አፒዮ ደንግጣ ዘለለች፤ ወዲያው ፊቷ በደስታ በራ።

«አዶንጎ? መጣሽ?»

«እኔ ነኝ፣ ልጄ። እናትሽ ነኝ።»

አፒዮ አንገቷን አዙራ አየቻት።

«ታዲያ እሷ የት ትቀመጥ?»

«ጭኔ ላይ» አለች አኬዮ።

አፒዮ እጅዋን እንደያዘች እንቅልፍ ወሰዳት። አኬዮ ግን እግሯ እስኪደነዝዝ ሳትነቃነቅ ተቀምጣ አደረች።