ሃምሳ ቁራጭ ድንች

ሥርጉት ስድስት ዓመቷን የሰጠችው በዓይን ለማትታይ ነገር ነው፤ ለባክቴሪያ። ከደብረ ብርሃን መጥታ መቀሌ ላይ ማይክሮባዮሎጂ ስታስተምር፣ ቁሓ አካባቢ ካለ እርሻ ከዘገነችው አፈር ውስጥ አገኘቻት። ይቺ ባክቴሪያ ለመድኃኒት አልበገር ያለውን የቁስል ተህዋስ እንኳ አጠገቧ ድርሽ አታስደርግም። የዶክትሬት ሥራዋም ተስፋዋም እሷው ነበረች። ጦርነቱ መጥቶ ሥርጉት ነፍሴ አውጪኝ ብላ ስትወጣ ባክቴሪያዋ ፍሪጅ ውስጥ ቀረች።

ከዓመታት በኋላ ተመልሳ ዩኒቨርሲቲው ዓዲ ሓቂ ግቢ ስትገባ፣ የላብራቶሪ ቴክኒሻኑ ገብረሃንስ በር ላይ ጠበቃት። ያ ደንዳና ሰው ከስቶ ኮቱ ሰፍቶታል። ገና በወጉ ሰላም ሳይባባሉ በጨርቅ የተጠቀለለ ብልቃጥ አወጣ።

«አደራሽ ይኸው መምህርት። በሕይወት አለች!»

«ኣያ ገብረሃንስ! መብራት በሌለበት? የባክቴሪያ ማሳደጊያው ሁሉ በጠፋበት?»

«እወ! አንቺ አይደለሽ ያስተማርሽኝ?»

እውነቱን ነው። የአንደኛ ዓመቶቹን ስታስተምር ከኋላ ቆሞ ይሰማ ነበር። ጀርመናዊው ተመራማሪ ኮኽ የዛሬው ማሳደጊያ ሳይመጣ በፊት ባክቴሪያ ያበቅል የነበረው በተቀቀለ ድንች ቁራጭ ላይ ነው ብላ ነበር። ተማሪዎቹ ለፈተና ሸምድደው ረሱት፤ ገብረሃንስ ግን መብራት ሲጠፋ ባክቴሪያዋን ቤቱ ወሰዳት። በየአሥራ አምስት ቀኑ ድንች ቀቅሎ፣ መርፌ በከሰል ፍም አግሎ፣ ከአሮጌው ቁራጭ ወደ አዲሱ አዛወራት። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ሃምሳ ጊዜ! እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል?

ሥርጉት አቅፋው አለቀሰች። ብልቃጡን ስትከፍት ግን እንደጠበቀችው አልነበረም። የሷ ባክቴሪያ ነጭ ዱቄት መስላ፣ ዝናብ የነካው አፈር ነበር የምትሸተው። ይቺ ለስላሳ ናት፤ ሽታዋም የድንች ብቻ ነው። ድንቹ ይሆናል የለወጣት ብላ ራሷን ሸነገለች። ቀለም አስነክታ ማይክሮስኮፕ ሥር አስገባቻት። ማየት የነበረባት ቀጫጭን ክር ነበር፤ ያየችው ግን እንደ ወይን ዘለላ የተከማቹ ክብ ክብ ነገሮችን ነው። ከሰው ቆዳ የማይጠፋው ተራ ባክቴሪያ! አንድ ቀን ከገብረሃንስ እጅ ድንቹ ላይ ወድቆ የሷን አጥፍቷታል። በሦስተኛው ይሁን በአርባኛው ማን ያውቃል።

አንድ ተስፋ ቀራት። እንዲህ ያለች የአፈር ባክቴሪያ ደርቃም ቢሆን ለዓመታት ትተኛለች እንጂ በቀላሉ አትሞትም።

«ኣያ፣ ፍሪጅ ውስጥ የነበረችው የመጀመሪያዋስ?»

«እሷንማ ቀቅዬ ደፋኋት» አለ ኮራ ብሎ። «አዲሱ ሲበቅል አሮጌውን ግደሉ ትዪ አልነበር? አንድም ጊዜ አልዘለልኩም።»

ትል ነበር። አፏን በቆረጠው! መደርደሪያ ላይ ረስቷት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ትነሳ ነበር። ይህን እንዴት ብላ ትንገረው?

ገብረሃንስ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብሎ ራሱ አየ። ሃያ ዓመት ሙሉ በማይክሮስኮፕ ሲያይ የኖረ ሰው ነው፤ ነጋሪ አላስፈለገውም። ቀና ብሎ እጆቹን እያገላበጠ ተመለከታቸው።

«ከኔ ነው የመጣው» አለ። ቆይቶም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ባለቤቴን፣ ሉላን፣ እንዳትነግሪያት፤ በማርያም። ድንቹን ከልጆቹ አፍ ነበር የምነጥቀው። መድኃኒት ይሆናል ስላት ልጣጩን ቀቅላ ትሰጣቸው ነበር።»

«አልነግራትም ኣያ።»

ምሳ ሓድነት ሰፈር እነሱ ቤት ነበር። ሉላ ሥርጉትን አገላብጣ ሳመቻትና ገና ሳታስቀምጣት ጠየቀቻት።

«ተርፋለች ኣይደል?»

«ተርፋለች» አለች ሥርጉት።

«እሰይ! ተመስገን!» ሉላ እጇን ዘርግታ ጥግ የተቀመጠውን ትልቁን ልጇን አሳየቻት። እግሩ በፋሻ ተጠቅልሏል። «የወልደአማኑኤል ቁስል ይኸው በምንም መድኃኒት እምቢ ብሎናል። የናንተው መቼ ይደርስለታል?»

ገብረሃንስ አንገቱን ደፋ። ልጁ ቀና ብሎ ሥርጉትን ያይ ጀመር፤ መልሷን እየጠበቀ።