ሦስት የማንቂያ ሰዓት

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሟቹ በተኛበት ክፍል ውስጥ የማንቂያ ሰዓት ጮኸ።

ወጥ ቤት የነበሩት ባሉበት ደርቀው ቀሩ። ኮሌት የቡናውን ማንቆርቆሪያ በአየር ላይ እንደያዘች ቆመች። ሌሊቱን ከሬሳው ጋር ተቀምጦ ያደረው የብስክሌት ማኅበሩ ባልደረባ ባዚል የጎረሰውን ዳቦ ማኘክ ተወ። ከግድግዳው ወዲያ ባሏ ሮላን የክት ልብሱን ለብሶ፣ ጣቶቹን ደረቱ ላይ አቆላልፎ ተኝቷል። ደወሉ እዚያው ራስጌው ላይ ይንጫረራል።

«ሁለቱን አጥፍቻለሁ» አለች ኮሌት። «ትናንት ማታ በእጄ ነው ያጠፋኋቸው።»

«ሦስተኛው ቁም ሣጥኑ ላይ ነው» አላት ኤርቬ። የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው። ይህን ይበል እንጂ ከወንበሩ አልተነሳም።

«አይ ኮሌት፣ ሮላን እኮ በአንድ ደወል አይነቃም…» ብሎ ባዚል ጀመረና አፉን በመዳፉ ያዘ። ሠላሳ አራት ዓመት የለመደው ቀልድ ነው። ሳያስበው አመለጠው።

ኮሌት ሳቀች። ሳቁ ሳያልቅ እንባዋ መጣ። ገብታ ደወሉን አጠፋችና ትንሿን ሰዓት በሽርጧ ኪስ ይዛ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ሰዓቷ ከኪሷ አልወጣችም።

ሰኞ ነበር። ሮላን የሞተው ትናንት እሁድ ከቀትር በፊት ነው፤ ሰባ አንድ ዓመቱ ነበር። ቅዳሜ ማታ የጎማውን ነፋስ በአውራ ጣቱ እየለካ ሲያፏጭ የሰሙት ጎረቤቶች፣ አሁን ገርበብ ባለው መስኮት በኩል ወደ ውስጥ እያዩ «የቱ ሮላን?» ይላሉ፤ በኮሬዝ ኮረብታዎች ሌላ ሮላን ያለ ይመስል።

ቀኑን ሙሉ ሰው ገባ ወጣ። እየመጡ እንደ አገሩ ልማድ ቀንበጥ ጸበል ውስጥ ነክረው ሬሳው ላይ ይረጩና ወደ ወጥ ቤት ያልፋሉ። የማኅበሩ ሰዎች በብስክሌት ጫማቸው ስለመጡ ኮቴያቸው የሸክላውን ወለል ያንቋቋዋል። ብዙዎቹ ሮላን የጻፋቸውን የመንገድ ካርዶች በኪሳቸው ይዘው ነበር። ሮላን መንገድ መራጭ ነበር። በየካርዱ ላይ የትኛው ምንጭ በነሐሴ እንደሚደርቅ፣ የትኛው ዳቦ ቤት ሰኞ እንደሚዘጋ፣ የማን ውሻ ሳይታሰር እንደሚውል በእርሳስ ያሰፍራል። ከካርዶቹ ግርጌ ሁልጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ «ለእራት ቤት ይደረሳል።»

«እሱ ራሱ ለምን ሩቅ አይሄድም ነበር?» አለች አንዲት ጎረቤት ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«አልሰማሽም እንዴ?» ባዚል ወንበሩን ወደ እሷ ሳበ። «የዛሬ ሠላሳ አራት ዓመት የስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ጉዞ ነበር፤ አርባ ሰዓት ነው የሚሰጡሽ። በየመንደሩ ካርድሽን ማኅተም እያስመታሽ ነው የምትሄጂው። በሁለተኛው ቀን ንጋት ላይ ዝናብ ያዛቸውና አንድ የአውቶቡስ መጠለያ ውስጥ ገቡ። ሮላን ኤርቬን ‹ሃያ ደቂቃ ብቻ ልተኛ፣ ቀስቅሰኝ› አለው። ይሄ ምስኪን ሃያ ደቂቃውን ጠብቆ ነቀነቀው። ወይ ፍንክች! ደግሞ ነቀነቀው። ግንድ! ምን ያድርግ፣ ጥሎት ሄደ። ሮላን የነቃው ልጆች ለትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲጠብቁ ነው። ሁለቴ ነው አይደል የነቀነቅከው ኤርቬ?»

«ሁለቴ» አለ ኤርቬ።

ይህችን ቃል ስንት ጊዜ እንዳላት አያውቅም። በሰርግ ብሏታል፤ በማኅበሩ ግብዣ ሁሉ ብሏታል። ወንድሙ በሩ ወዲያ ተጋድሞ ሳለ ሲላት ግን ምላሱ ላይ የብረት ጣዕም ተወችለት።

ሮላን ሁልጊዜ ቀድሞ የሚነሳ፣ ቀድሞ የሚደርስ ነበር። ያን ዕለት ንጋት ኤርቬ እጁን ወደ ተኛው ወንድሙ ትከሻ ዘርግቶ ነበር። በዝናብ ልብሱ ላይ አንዲት የውሃ ጠብታ ወዴት ልውረድ እንደምትል ቆማ ትንቀጠቀጣለች። ጠብታዋን አየ። ከዚያ እጁን ሰበሰበ። የኋላው ጎማ ሲዞር ቀጭ ቀጭ እንዳይል ብስክሌቱን ከኋላ በኩል አንጠልጥሎ፣ በጫማው ጫፍ እየረገጠ ወጣ። ያን ቀን መድረሻው ላይ ከሁለቱ ወንድማማቾች ካርዱን ያስመታው እሱ ብቻ ነበር።

ሮላን አልተቆጣም። ሦስት የማንቂያ ሰዓት ገዛ። ከብሬስት ባሕር ተነስቶ አገሩን አቋርጦ እስከ ማንቶን ለመሄድ የነደፈውን መንገድ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። «የማይቀሰቀስ ሰው ከቤቱ አይራቅ» አለና አጭር አጭር መንገድ ለሰው መምረጥ ጀመረ።

እሁድ ዕለት ሁለቱ በብስክሌት ወጥተው፣ ከረጅሙ ሸለቆ በፊት ባለችው መንደር ቡና ቤት ቆመው ሮላን ታሪኩን ለአስተናጋጇ አወራላት። «ስሞት ይሄን ወንድሜን እመኚው» አላት፤ «ሁለቴ ነቅንቆ ካልነቃሁ፣ በቃ ሞቻለሁ።» ልጅቷ ከት ብላ ሳቀች። ኤርቬ ፊቱን ወደ ብስክሌቶቹ አዞረ። ዛሬ እነግረዋለሁ አለ በልቡ።

የሮላን ጉልበት ከታመመ ወዲህ ነፋሱን እየመከተ ፊት ፊት የሚሄደው ኤርቬ ነበር። ለፊት የማይነገር ነገር ጀርባ ሰጥቶ ይነገራል ብሎ አሰበ። መንገድ ዳር ከቆመው የብረት መስቀል ዘንድ ሲደርስ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ ጀመረ። ስለ መጠለያው፣ ስለ ጠብታዋ፣ ስለ ጎማው፣ አንዲት ሳያስቀር ተናገረ። ከኋላው መልስ አልመጣም። ሸለቆው መጨረሻ ካለው ድልድይ ሲደርስ «ሰማኸኝ ሮላን?» ብሎ ዞረ።

መንገዱ ባዶ ነበር።

ተቆጥቶ ቆመ ብሎ አሰበ። ተመልሶ ፊቱን ለማየት አፈረና የድልድዩን ድንጋይ ተደግፎ ጠበቀ። ስምንት ደቂቃ ያህል። ያን ረጅም መንገድ ሲመለስ ወንድሙን የጫነው አምቡላንስ ከፊቱ መጣ።

ልብ ነው አለ ሐኪሙ። ኤርቬ ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የሚያገላብጠው ሌላ ነው። ከሰማ፣ ልቡን የመታው ያ ቃል ይሆን? ካልሰማ ደግሞ፣ ራሱን እንደ ግንድ ቆጥሮ ነው የሄደው። የትኛው እንደሚሻለው አያውቅም። የሚያውቀው ማወቅ እንዳለበት ብቻ ነው።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አንዲት ወፍራም ሴት ጭቃ የነካው ቦት ጫማዋን ደጃፉ ላይ አውልቃ በካልሲ ገባች። በእጇ የሮላንን ቆብ ይዛለች።

«ያገኘሁት እኔ ነኝ» አለች። «ከአጥሬ ሥር ነው። ቆቡን ሳያነሱት ሄዱ፤ አጥቤዋለሁ፣ ይቅርታ፣ ማጠብ ነበረብኝ እንዴ?»

ኮሌት ቆቡን ተቀብላ አሸተተችው። የሳሙና ሽታ ብቻ ነበረው። ይዛው ወደ ጓዳ ገባች።

ኤርቬ ሴትዮዋን ወደ በሩ ሸኛት። «አጥርዎ» አላት፣ «ከብረቱ መስቀል በፊት ነው በኋላ?»

«በፊት ነው እንጂ! ከኔ ቤት መስቀሉ የት ይታያል? ሁለት መታጠፊያ ይቀራል።»

ኤርቬ የበሩን መቃን ያዘ።

«ደግሞ አልወደቀም እኮ» አለች ሴትዮዋ። «ወደቀ ሲሉ ሰምቼ ነው። ልብስ ሳሰጣ አየሁት፤ ብስክሌቱን ሰንሰለቱ እንዳይነካ አድርጎ በደንብ አስደገፈና ተቀመጠ። ‹ኤርቬ!› ብሎ አንዴ ተጣራ። ጮክ ብሎም አይደለም። እርስዎ ነዎት ኤርቬ?»

«እኔ ነኝ።»

«‹ልጥራልዎት ወይ?› አልኩት። ‹ተይው፤ ሃያ ደቂቃ ዓይኔን ልክደን። ወንድሜ ተመልሶ ይቀሰቅሰኛል› አለኝ። ውሃ ላመጣለት ገባሁ…» ሴትዮዋ የኤርቬን ፊት አየችና ቆመች። «ክፉ ነገር ተናገርኩ?»

«የለም» አላት። ጫማዋን ስታጠልቅ እንደ ድንጋይ ቆሞ አያት። ከሄደች በኋላም እዚያው ቆሞ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ሣጥኑን የሚዘጉት ሁለት ሰዎች መጡና ቆባቸውን አውልቀው ኮሪደሩ ላይ ቆሙ። ባዚልና የማኅበሩ ሰዎች ውጭ ብስክሌቶቻቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ክፍሉ ውስጥ ኮሌትና ኤርቬ ብቻ ቀሩ። የታጠበው ቆብ በሮላን እጆች ሥር ተቀምጧል።

«ኮሌት፣ አልቀሰቀስኩትም።»

«ማን ሊቀሰቅሰው ይችላል? ልቡ ነው።»

«እሁድን አይደለም የምልሽ። መጠለያው ውስጥ። ሁለቴም፣ አንዴም አልነቀነቅኩትም። እንዳይሰማኝ ብስክሌቴን አንጠልጥዬ ነው የወጣሁት።»

ኮሌት አየችው። ለረጅም ጊዜ አየችው፤ የማታውቀው ሰው ቤቷ ገብቶ ቆሞ እንዳገኘች ዓይነት። እጇ ወደ ሽርጧ ኪስ ገባና ሰዓቷን ጨበጠ።

«ሠላሳ አራት ዓመት» አለች። «በየማታው ሦስቱን ሰዓቶች እሞላለሁ። ታውቃለህ? አንዱም ጮሆ አያውቅም። ገና ሳይጮኹ ተነስቶ ያጠፋቸዋል። አይጥ ብታልፍ የሚነቃ ሰው ነበር። እኔ ‹ያ መጠለያ አስደንግጦት ነው እንቅልፉ የቀለለው› እል ነበር። እሱም እንደዚያው ይል ነበር። ሁለታችንም አምነንህ…»

ዓይኗን ወደ ሮላን ፊት መለሰች።

በሩ በቀስታ ተንኳኳ። «ማዳም፣ ሰዓቱ ደርሷል።»

«ትንሽ ቆዩ» አለች ሳትዞር። ከዚያ ከሣጥኑ አጠገብ ዞር ብላ ለኤርቬ ቦታ ለቀቀችለት።

«በል ቀስቅሰው።»

«ኮሌት፣ እባክሽ…»

«ቀስቅሰው አልኩህ።»

ኤርቬ እጁን ዘረጋ። ርቀቱን ክንዱ ያውቀዋል። እጁ ያኔ ያቆመበት ቦታ ላይ ሲደርስ ለአፍታ ቆመ። ከዚያ አለፈና የወንድሙ ትከሻ ላይ አረፈ። ከሱፉ ኮት ሥር ትከሻው ደርቋል።

«ሮላን» አለ። «ሮላን፣ ሃያ ደቂቃው ሞልቷል።»

አንዴ ነቀነቀው። ሁለቴ ነቀነቀው። ኮሌት ዓይኗን ከእጁ ላይ አላነሳችም።

ለሦስተኛ ጊዜ ነቀነቀው።