የሉድሚላ ስም ቀን

አዋላጇ በሄድቪካ ሆድ ዙሪያ ያለውን ቀበቶ አጥብቃ ዓይኗን ማሽኑ ላይ ተከለች። የሕፃኗ የልብ ምት ለሁለተኛ ጊዜ ቀንሷል።

"እትብቱ አንገቷ ላይ ተጠምጥሟል" አለች ቀስ ብላ። "ብዙ ልጆች እንዲህ ሆነው በሰላም ይወለዳሉ። ግን ሐኪሙ መጠበቅ አልፈለገም፤ አሁን ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል እንወስድሻለን። ነርሶቹ እስኪመጡ የሕፃኗን መመዝገቢያ ቅጽ ጨርሺልኝ።"

ቅጹ ላይ የቀረው የልጅቷ ስም ብቻ ነው። የሄድቪካ ባል፣ ባቡር ነጂው ቮይቴክ፣ "ስሙን አንቺ ሙዪው" ብሎ ፈርሞበት ነበር። ፍርሃቷን ያባባሰው ደግሞ ቀኑ ራሱ ነው። ሴፕቴምበር አሥራ ስድስት፤ በአገሩ ልማድ እያንዳንዱ ቀን የአንድ ስም በዓል ነውና፣ ግድግዳው ላይ ያለው ካላንደር ከቀኑ ሥር የዕለቱን ስም ጽፏል፤ ሉድሚላ።

አማቷም ሉድሚላ ናቸው። ጎረቤቶቻቸው ለስም ቀናቸው የሰጧቸውን አበባ እንደታቀፉ፣ የሐር ሻርፓቸውን አንገታቸው ላይ እንዳሰሩ፣ ከኦሎሞውትስ ከተማ ዳርቻ በትራም ከንፈው መጥተው አልጋው አጠገብ ተቀምጠዋል። የልጅ ልጃቸው በስማቸው እንድትጠራ ከጸደይ ጀምሮ ሲወተውቱ ከርመዋል።

"እማ፣ አይቆጡኝ" አለች ሄድቪካ። "ያንን ስም አልጽፍም። የዛሬዋን ባለበዓል ቅድስት ሉድሚላን በገዛ ሻሿ አንቀው ነው የገደሏት። የእኔም ልጅ ይኸው አንገቷን ታንቃ... ፈራሁ።"

ሌላ ቀን ቢሆን አፍ አፏን ይሏት ነበር። አሁን ግን አበባውን ወለሉ ላይ አስቀመጡ።

"ስሙን ያወጡላት ገዳዮቿ አይደሉም። ሻሹ የመጣው በኋላ ነው። የጥንት ሰዎች ሉድሚላ ሲሉ ሕዝብ የሚወዳት ማለታቸው ነበር። እኔ ስወለድ ጠቁሬ፣ ትንፋሽ አጥሮኝ ነው አሉ የወጣሁት። አያቴ 'ብቻ የሚወዳት ሰው አትጣ' ብላ ሰየመችኝ። ይኸው ሰባ አንድ ዓመቴ፤ ጎረቤቱ ሊጠላኝ ሞክሮ አቃተው።"

ሄድቪካ ሳታስበው ፈገግ አለች። "እውነት እርስዎ አይፈሩም?"

"ምን ያስፈራኛል? እኔ አጉል እምነት አልወድም።"

ማሽኑ ላይ የልብ ምቱ እንደገና ቀሰስ አለ። በሩ ተከፈተና ሁለት ነርሶች አልጋውን መግፋት ጀመሩ። ሄድቪካ ዞር ስትል አማቷን አየቻቸው። ቸኩለው ሻርፓቸውን ከአንገታቸው ፈትተው ቦርሳቸው ውስጥ እየወሸቁ ነበር።

እሳቸውም እኩል ፈርተዋል። ልጅቷ ገና ሳትወለድ የሚወዳት ሰው እንዳገኘች ሄድቪካ ገባት።

"አንዴ ቁሙልኝ" አለች ነርሶቹን።

ቅጹን ሆዷ ላይ ዘረጋችና ሉድሚላ ብላ ጻፈች።